መንታ ሁለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ጀማነሽ፣ ደሴ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ዳገቱን ቻለልሽ? ጋሽ ተወልደን ሳሉ ለቀቃቸው? ሀኒስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኛ አለን፤ ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ አቧራው አልጋችን ድረስ ይገባል እንጂ። ፀሎት ሰባት ዓመት ሞላት። ዛሬም ካልደገፍኳት አንገቷ አይቆምም፤ ድምፅሽን በስልክ ስትሰማ ግን ትስቃለች።

ሐኪሞቹ የምትውጠው ምግብ ወደ ሳንባዋ እየገባ ስለሆነ ሆዷ ላይ ቱቦ እናድርግላት አሉኝ። የሟቹ ባለቤቴ እህት ማዕዛ ይህን ሰምታ ከእድር ሴቶች ጋር ልትጠይቀን መጣች። ልጅቷ ጭኔ ላይ ሆና እየሰማች፣ “ተያት እስቲ ሀብትነሽ፤ ለሷም እረፍት ነው፣ ላንቺም” አለችኝ። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያ ድምፅ እንዴት እንዳንገሸገሸኝ! ያመጡትን ሙዝ መንካት ተጸይፌ እንደተቋጠረ ከነፌስታሉ ጣልኩት። አትቀየሚኝና አንቺም በፋሲካ ሰሞን “ፈጣሪ ይሰብስባት” ያልሽኝ ዕለት፣ ስልኩን የያዝኩበትን እጄን ታጥቤአለሁ።

ከሁሉ የምጸየፈው ግን ራሴን ነው። ፀሎትና መንታ ወንድሟ በስድስት ወራቸው ሲወለዱ ወንዱ በራሱ ጊዜ አረፈ ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ የሚያስተነፍሰውም መሣሪያው ብቻ እንደሆነ ነግሮን ይነቀል ወይስ ይቆይ ወስኑ አለን። ማዕዛ ያን ጊዜም እረፍት ነው አለችኝ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ከተማ እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው እኔ ፈረምኩ። ወረቀቱ “የሀብትነሽ መንታ ሁለት” ይላል፤ ስም የለውም። ክርስትና ሳይነሳ ስም አይወጣም ብለውኝ አርባ ቀኑን እየጠበቅሁ ነበር። ለሞት የተቃረበ ሕፃን አርባ ቀን ሳይጠበቅ እንደሚጠመቅ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ካለፈ በኋላ ነው። ቄስ ጥሩልኝ ብል ማን ይከለክለኝ ነበር?

ያልተጠመቀ ነው ተብሎ እድሩ አልወጣለትም። ሳለቅስም ተቆጡኝ። ጡቴ ወተት እያፈሰሰ፣ ተገላገልሽ አሉኝ።

ሐኪሙ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ማቆየቱም ማሰቃየት ይሆን ነበር። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ስም ሳልሰጠው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደረቴ ላይ ሳላደርገው መፈረሜ ነው። ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ፈረምኩ።

ትናንት ደግሞ ለፀሎት ፈረምኩ። ማክሰኞ ቱቦው ይገባላታል። ትድናለች አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ልታይን የመጣሽ እንደሆነ ከንፈርሽን ሳትመጥጪ እቀፊልኝ። እህትሽ ስንት ወለደች ሲሉሽም አንድ አትበይ፣ ሁለት በይ። ወንዱን ናኦድ ብዬዋለሁ።

የጋሽ ተወልደን ጉልበት ሳሚልኝ። ሀኒን ግንባሯን ሳሚልኝ። የግቢሽን ሰዎች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

የፀሎትና የናኦድ እናት፣
ሀብትነሽ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.