ፕላስቲክ ሳይሰነጥቁ የበሱት የጋሽ ቀስ በል የሕይወት ታሪክ

ወንድም ጋሼ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥቅምት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን "ሲወለድም አልቸኮለ" ይሉ ነበር። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ፣ ይህን ለምጽፈው ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ደግሞ ሁለተኛ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ከዚያም በሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ተምረዋል።

በ1964 ዓ.ም. የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠራ ወርክሾፕ ተቀጠሩ። ገና በገቡ ሰሞን ለብረት መብሻ የተሳለ ፑንታ መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ገጥመው አንድ ትልቅ ፕላስቲክ ሊበሱ ሞከሩ። ፑንታው ፕላስቲኩን ነክሶ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። አለቃቸው የተናገሩትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ወንድም ጋሼ ግን ስብርባሪውን ሰብስበው ቤት አመጡና ክረምቱን ሙሉ ሲበሱ ከረሙ። የደረሱበት ዘዴ ብዙ ሰው አስቋል፤ አዲስ ፑንታ ገዝተው ስለቱን በመሳያ ድንጋይ ያደነዝዙታል! እንዲህ ሲሆን ፕላስቲኩን ሳይነክስ እየፋቀ ይገባል። ከሥር እንጨት ያስደግፋሉ፤ ግሎ እንዳይቀልጥም መሰርሰሪያውን በዝግታ እያስኬዱ ቶሎ ቶሎ ያነሱታል። በዚያው ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ሳይሞክሩ ደግሞ ዋናውን አይነኩም። የቸኮለውን ሁሉ "ቀስ በል" ስለሚሉ ቃሉ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

በ1972 ዓ.ም. መነጽር ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው "እኔ ባልጀምረው እስካሁን እያሰበ ነበር" እያሉ ያስቁናል። በኋላም የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው ልጃቸውን ጨምሮ ብዙዎችን ለሙያ አብቅተዋል። በ2012 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሰርሰሪያውን ለልጃቸው አስረከቡ። ያን ዕለት አንጀቴን በሉት።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የልጃቸው ሚስት ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ የተኛችበት የሆስፒታሉ ማሞቂያ ሳጥን ክዳኑ ተሰንጥቆ ሙቀት አልይዝ አለ፤ ሌላ ባዶ ሳጥን ደግሞ አልነበረም። ድሮ ከወንድም ጋሼ ሙያ የተማረው የሆስፒታሉ የጥገና ሠራተኛ ለክዳን የሚሆን አንድ የቀረ ፕላስቲክ ከነቁርጥራጩ ይዞ ሁላችን ወደተሰበሰብንበት ወደ ወንድም ጋሼ ወርክሾፕ እየሮጠ መጣ። ቱቦ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች መበሳት ነበረባቸው። ከተሰነጠቀ አለቀ።

ልጃቸው በድንጋጤ ያገኘውን ፑንታ አስገብቶ ሊጀምር ሲል ወንድም ጋሼ ተነሥተው እጁን ያዙት። "መጀመሪያ ቁራጩ ላይ" አሉት። የምራታቸው እናት "ልጅ እየሞተች እናንተ ትጫወታላችሁ እንዴ!" ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ልቤ ሊወጣ ነበር። ቁራጩ ተበሳ፤ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወንድም ጋሼ ከመሳቢያው ፑንታዎቻቸውን እያወጡ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀድሞ በእጃቸው ካደነዘዟቸው አንዱን መርጠው ሰጡት። በሌላ ቁራጭ ሞክሮ ሳይሰነጠቅ ሲቀር ወደ ዋናው አለፈ። ትከሻውን ይዘው "አንሣ፣ ቀስ፣ አንሣ" አሉት። ቀዳዳዎቹ አንዲት ስንጥቅ ሳይወጣባቸው አለቁ፤ ክዳኑም በዚያው ቀን ተገጠመ። የእሳቸው እህት በመሆኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሕፃኗ አቅም ስላልነበራት ድምፅ አውጥታ አታለቅስም ነበር። አያቷ ወንድም ጋሼ በየቀኑ ሆስፒታል እየሄዱ ነርሶቹን "ዛሬስ ጮኸች?" ይሏቸው ነበር። ጮኻ፣ ጠንክራ፣ ቤቷ ገባች።

ወንድም ጋሼ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተውናል። ፈጣሪ ለደከሙት እጆቻቸው ዕረፍት፣ ለነፍሳቸው ሰላም ይስጥልን። ይህ ሲነበብ ሕፃኗ ብታለቅስ ግን እባካችሁ ማንም እሹሩሩ አይበላት። ትጩህላቸው።