ወደቀ ያልነው ሉፕ

የምወድሽና የምሳሳልሽ እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን በጎኗ ነው የምትወጣው? ባለቤትሽስ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ ጎረቤቱ ሁሉ ለመደው? ልጄስ እንዴት ናት? አላስቸገረችሽም? እኔም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ሁሉም ይሰበሰባል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ ጮክ ብለሽ አታንብቢላቸው። በር ዘግተሽ ለብቻሽ አንብቢው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ አሰሚያቸው።

እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ሽንቴን ያቃጥለኛል ብዬ የጻፍኩልሽ ትዝ ይልሻል? ክኒን ስውጥ ይተወኝና ደግሞ ይመለሳል። ከስፌት ማሽኔ ተነስቼ ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለሴ ሲበዛ፣ የመስመራችን አለቃ ማሽንሽን እዚያው እናስገባልሽ ወይ እያለ ሲያሾፍብኝ ከርሟል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደም አየሁ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የመርፌ ክፍሏ ሴትዮ፣ ማግኔት የምንላት፣ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ አለቃውን አስፈቅዳ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሆዴን በአልትራሳውንድ አየ። ከዚያ ራጅ አስነሳኝ። ፎቶው ላይ፣ ከእምብርቴ በታች፣ ትንሽ የልብስ መስቀያ የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተጣብቆበታል። ለወሊድ መከላከያ ሉፕ አስገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ግን ወድቋል አልኩት። ሲወድቅ አይተሽዋል ወይ አለኝ።

ማን አየው? ሁለታችንም አራሶች ሆነን፣ ልጆቻችንን እየተቀባበልን፣ በአንድ ቀን በአንዲት ነርስ እጅ አስገባነው። አንቺ ቀድመሽ ገብተሽ ምንም አያምም ብለሽ ዋሸሽኝ። ኋላ ለምርመራ ስንሄድ የሁለታችንም የሉፑ ክር ጠፋ። ክሩ ከሌለ ወድቋል ማለት ነው ተባልን፣ ተገላገልን ብለን እየተሳሳቅን ወደ ቤት ገባን። አንቺማ ብዙም ሳትቆዪ የመጨረሻ ልጅሽን፣ ድንገቴን፣ አረገዝሽ። ይኸው መውደቁ ታወቀ ብለን ጭራሽ ረሳነው።

እዚህ ፋብሪካ መርፌ ሲሰበር ምን እንደምናደርግ ነግሬሽ አላውቅም። ማሽኑ ይቆማል። ማግኔት ያንን ማግኔቷን ይዛ ትመጣና ወለሉን፣ ጨርቁን፣ የእኛን ልብስ ሳይቀር ታስሳለች። ስብርባሪው ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ እስኪወጣው ድረስ ሥራ የለም። ጫፉ ካልተገኘ የተሰፋው ሁሉ ይጣላል። ወድቆ ይሆናል ያለች ልጅ ጉዷ ፈላ። ለማላውቀው ሰው ሸሚዝ እንዲህ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሴት፣ ስለ ገዛ ሆዴ ግን ወድቋል ሲሉኝ አምኜ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሉፑ ማህፀኔን በስቶ ወጥቶ ፊኛዬ ውስጥ ገብቷል፤ ድንጋዩም እዚያው እላዩ ላይ ነው የተጋገረው። ከስንት አንዷን የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አብዛኛዋ ሴት ያለ ችግር ትጠቀምበታለች ብሎኛል። አንዷ እኔ ከሆንኩ ምን ያጽናናኛል? በሽንት መውጫዬ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ድንጋዩን ሰባብረው ያወጡታል፤ ካልተቻለ ሆዴ ይከፈታል። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ማደንዘዣውን ሳስበው ቆሌዬ ይገፈፋል። ባልነቃስ? ማግኔት ሙሉውን በዓይኔ ሳላይ ከበሩ አልንቀሳቀስም አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን አልቀለለኝም።

ከራሴ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግሞ የአንቺ ነገር ነው። ባለፈው ደብዳቤሽ ሽንቴ ይመላለስብኛል፣ ብርድ መትቶኝ ነው ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ዋዛ አለፍኩት። ትናንት ደግሜ ሳነበው ጆሮዬ ጭው አለ። ድንገቴ ስትወለድ አብሮ ወጥቶ ይሆናል እንዳትይኝ፤ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፣ ሉፑ ከቦታው ከሸሸ ማርገዝም ይቻላል፣ ራጅ ሳትነሳ ወጥቷል ማለት አይቻልም አለኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ክኒን ሰጥተው ሊሸኙሽ ቢሉ እሺ ብለሽ አትውጪ። ሉፕ ነበረኝ፣ ሲወድቅ አላየሁትም በያቸው። ማፈር ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ ጮክ ብለሽ አንብቢ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ትውጣ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ለማንኮራፋቱም ጭምር። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ ትበርታ። ድንገቴን ጉንጯን ንከሺልኝ። ልጄን አቅፈሽ፣ እናትሽ ትንሽ ሥራ በዝቶባት ነው፣ አልረሳችሽም በያት።

ይህችን ደግሞ ለብቻሽ። እትዬ፣ ሁልጊዜ ቶሎ መልስ ጻፊልኝ እልሽ ነበር። ዛሬ ግን ብዕር አታንሺ፣ መጀመሪያ ጫማሽን አድርጊና ሂጂ። ልጄ አንቺ እጅ ላይ ናት። ሰኞ እኔ ባልነቃ፣ እሷ ካንቺ ሌላ ማንም የላትም።

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ፋብሪካው ማደሪያ
ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን