የግራ እጅጌ

ጥቅምት 6
ሳይደባለቅብኝ ቶሎ ልጻፈው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል... የሐኪም ቀጠሮ አለን፣ ረፍዷል፣ ባለታክሲው በር ላይ ጥሩምባውን ያስጮኸዋል። ሚስቴን ሹራብ አለብሳታለሁ። ቀኝ እጇን አስገባሁ። ግራውን፣ ስትሮኩ የመታውን፣ ወደ ኋላ ይዤ እጅጌው ውስጥ ሳብኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በስፌት ሱቄ ለደንበኛ ኮት ሳስለካ እንደማደርገው።

ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"
"ምንም። እንሂድ በቃ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው።"

ያ እጅ አይነሳም፤ ሕመሙ ግን ይሰማታል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ልጃችን ከሥራ ቦታዋ በቀጥታ ሐኪም ቤት መጣች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ፊዚዮዋ፣ የሚስቴን ትከሻ ዳበስ ዳበስ አደረገችና "ይሄ ተስቧል። ማነው የሚያለብስዎት?" አለች። ሚስቴ ዝም። የልጄ ፊት ቀላ። "እኔ... ትላንት በብብቷ ይዤ ከወንበር አንስቻታለሁ።"
"እንደሱ አይደረግም እኮ እህቴ።"
"እሺ።"

እኔ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ።

የታዘዝነው፦
1. እጇን ይዞ መሳብ የለም። በብብቷ ማንሳትም የለም።
2. ስትለብስ የታመመው ይቀድማል። ስታወልቅ የታመመው መጨረሻ።
3. ስትቀመጥ ክንዷ ትራስ ላይ። አይንጠልጠል።

ጥቅምት 7
ልጄ እናቷን መንካት ፈርታለች። ትራሱን አቅፋ በሩ ላይ ትቆማለች። "አባ አንተ አልብሳት፣ እኔ ጎዳኋት።" ልነግራት ነበር... ስልኳ ጠራ።

ጥቅምት 9
ሱቅ አልሄድኩም። የሹራቦቿንና የቀሚሶቿን የግራ ጎን ከእጅጌ እስከ ወገብ ተረተርኩ፣ በቁልፍ ፋንታ የሚዘጋ ተለጣፊ ሰፋሁበት። አሁን እጇ ሳይጣመም ይገባል። ስድስት ልብስ። ሚስቴ እያየችኝ፦
"የሠርጌን ቀሚስ እንደዚህ ብትቸኩልበት ኖሮ ሰው ባልጠበቀን።"
"ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የዘገየሁት።"
"ብቻ ይላል ደግሞ!"
ስትሮኩ ከመታት ወዲህ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው። ግማሽ አፏ ነው የሚስቀው።

ጥቅምት 14
ትከሻዋን ለካሁ። ሜትር ሳያስፈልግ በጣት። ከአጥንቱ ሥር አንድ ጣት ይገባል፣ መገጣጠሚያው ተንሸራቷል። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ደንበኛ ስንቱን አስተካክያለሁ... ከኮቱ ትከሻ ውስጥ ስፖንጅ፣ አለቀ። ይሄ ስፖንጅ የለውም።
ስትሮኩ ነው ያወረደው ወይስ እኔ? ፊዚዮዋን ልጠይቃት? ብጠይቃት ለምን ጠየቅህ ትለኛለች።

ጥቅምት 21
አዲስ ነገር የለም። ትራሱን አራት ጊዜ አስተካከልኩ። "ተወኝ እስቲ፣ ትራስ አደረግከኝ እኮ" አለች።

ኅዳር 3
ቀጠሮ። ሕመሙ ቀንሷል። ጣት የሚያስገባው ክፍተት ጠቧል፣ ጨርሶ ግን አልሞላም። ፊዚዮዋ፦ "የተመታው ጡንቻ ሲላላ ትከሻው በራሱም ይወርዳል። መሳቡ ነው የሚያባብሰው። አሁን ጥሩ ይዛችኋታል።"

ታክሲ ውስጥ ሚስቴ በመስኮት እያየች፦
"ለልጅቱ ንገራት።"
"ምኑን?"
"ሹራቡን።"
አንድ ወር ያህል ለእኔ ብላ ዝም ማለቷ ነው።

ከሰዓት ልጄ መጣች፣ እንደልማዷ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ "ነይ አንቺ አልብሺኝ" አለቻት።
"አባ ይሻላል።"
"አባትሽን ጠግቤዋለሁ። ነይ።"
ልጄ እኔን አየችኝ። አፌን ከፈትኩ።
"የግራው ይቀድማል" አልኩ። ይሄው ነው የወጣኝ።

ክርኗን ከሥር ደገፈች፣ የግራ እጅጌውን ቀስ ብላ አስገባች። እናቷ አልጮኸችም። ተለጣፊውን ስትጫን ልጄ ሳቅ አለች።

ልብሱ ተሰፍቷል። ትከሻው እየዳነ ነው። ያን ቀን ጠዋት የሳብኩት እኔ መሆኔን ለልጄ አልነገርኳትም። ይህ ዕዳ አለብኝ።