ድግግሞሽ ብዬ የሰረዝሁት አንቀጽ

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ልጄ ትዕግሥት ነገ ቡሬ ላይ ለመምህራን የምታነበውን የስትሪንግ ቲዎሪ የፊዚክስ ጽሑፍ አማርኛውን እንዳርምላት ሰጠችኝ። «ብሬን» የሚሉትን ለማስረዳት በሁለት ሰፌዶች መካከል ክር ወጠረች፤ ሰፌዶቹ ብሬን፣ ክሩ ስትሪንግ መሆናቸው ነው፤ እንደ ገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ሳርም ግን አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ የሱፐርሲሜትሪ ጌጅ ቲዎሪ በሚሉት የቅንጣቶች ቀመር፣ አንዴ በብሬን አቀማመጥ ተጽፎ አገኘሁ። ድግግሞሽ ነው ብዬ ሁለተኛውን ሰረዝሁት።

«አባባ፣ የሰረዙት እኮ የአራት ዓመት ልፋቴን ነው!» ብላ ሳቀች። «ሁለቱ አንድ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። በቀመሩ እንቢ ያለኝ በብሬኑ ይፈታል።»

«ብሬኑን ያየው አለ?»

«ማንም አላየውም።»

አንቀጹን ሳይገባኝ በእጄ መልሼ ጻፍሁት። በአስተማሪነቴ ዘመን ከተማሪዎቼ ድርሰት ድግግሞሽ እያልሁ የሰረዝሁት ሁሉ ግን አሁን በምን ይመለሳል?