እናትህ በኋላው መንገድ ሊሄዱ ነው

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ለማይደውልልኝ ባለቤቴ፣

ጤናህን ልጠይቅ ነበር፤ ግን ደህና መሆንህን ከእናትህ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ስለዚህ ሰላምታው ይቅርና ቁጭ ብለህ አንብብ። ደብዳቤ የምጽፈው የኔን ቁጥር ስታይ ስልክህን ስለማታነሳ ነው። የጎረቤታችን የጡረተኛው ሾፌር እህት ነገ ወደ አንተ ከተማ ትሳፈራለች፤ በእጅህ ትሰጥሃለች። ስታነብ ፊትህ ምን እንደሚመስል አይታ እንድትነግረኝም አደራ ብያታለሁ።

እናትህ ወደ ገዳሙ በእግራቸው ሊሄዱ ተነስተዋል። በመጪው ሳምንት። አስፋልቱን ይዘው፣ ሲደክማቸው አውቶቡስ የሚሳፈሩ መስሎህ ልብህ እንዳይረጋጋ። በኋላው መንገድ ነው። ዛሬ ተሳላሚ ሁሉ በፊት ለፊቱ ሲጎርፍ፣ የኋላውን የሚያውቀው ከሰው ይልቅ ፍየል ነው። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ተነስቶ ዳገቱን ይወጣል፤ ከዚያ ጥዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ድልድዩ የተሰበረ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ጥላ የሌለው ሜዳ ነው። ይህንን በዚያ ጉልበታቸው! ነርሷ «ደረጃም ቢሆን ይቀንሱ» ያለቻቸውን ጉልበት ነው የምልህ።

ጥፋቱ ያንተ ነው። ያን እሁድ ደውለህ ከእሳቸው ጋር ስታወራ እኔ በሩ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ስልኩ ስለሚጮህ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከኋላህ ሰው ጠራህ። የሴት ድምፅ ነው፤ እሱን ለጊዜው ልተወው። አንተም «እማዬ፣ መጣሁ» አልክና ዘጋህ።

እናትህ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ተነስተው መሬት ሳሙ። «ልጄ መጣሁ አለ፤ ስለቴ ሰመረ!» ብለው እልል አሉ። ግቢው በሙሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለ ገባ። ያቺ ነገረኛ ጎረቤታችንማ ዓይኗን አልጋ ስር ሳይቀር እየላከች ሻንጣህን ፈለገች።

መቼም «መጣሁ» ምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ሰው ሲወጣ የሚላት ቃል ናት። ባለሱቁ መልስ ሊዘረዝር ሲሄድ «መጣሁ» ይላል፤ ለቁም ነገር የፈለግከው ሰውዬ ሊያመልጥህ ሲል «መጣሁ» ይላል። አንተም ያን ቀን ጠዋት ሻንጣህን አንጠልጥለህ፣ ታክሲው በር ላይ ጡሩንባ እየነፋ፣ ለኔ ያልከኝ ይህንኑ ነው። ሳቅፍህ እንኳ ዓይንህ ታክሲው ላይ ነበር። እኔ ግን እንደ እናትህ እልል አላልኩም።

ለእሳቸው ግን ልነግራቸው አቃተኝ። ሁለት ጊዜ «እማማ፣ እሱ እኮ…» ብዬ ጀምሬ ዋጥኩት። ደስታቸውን ብታየው አንተም ትውጠዋለህ። ይልቅ ለጉዞው መዘጋጀት ጀመርን ብልህ ታምናለህ? ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ የተቀደደ አንሶላ ለምኜ የትከሻ ከረጢት ሰፋሁላቸው። ስኒከር ገዛን፤ ለእግራቸው የሚሆን የሴት ጠፍቶ የወንድ ነው የገዛነው፣ አረንጓዴ። ጠዋት ጠዋት እሱን አድርገው በኔ ክንድ ተደግፈው እስከ ውኃ ታንከሩ ደርሰው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሰላሳ ሁለት ጥርሳቸው ይታያል፤ ጉልበታቸውን ግን ከኔ ተደብቀው ያሻሉ።

ጡረተኛው ሾፌር፣ ሰፈሩ «ፍሬን» የሚለው፣ መንገዱን ላጣራ ብሎ እስከ ወንዙ ሄዶ መጣ። ሲመለስ እግሩ ሁሉ እሾህ ነው። «ድልድዩ ላይ ሁለት ሳንቃ ቀርቷል፤ ውኃው ከጎደለ በድንጋዩ መሻገር ይቻላል፤ ከማዶ ያለችው ቤተ ጸሎት ጠባቂ አላት፣ ወለል ላይ ታሳድራለች» አለን። ቀጥሎ እኔን ወደ ጎን ጠርቶ «እኔ በመኪና በአስፋልቱ አዙሬ፣ ትንሽ አቧራ አስቅሜ ባደርሳቸው በኋላው የመጡ አይመስላቸውም?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ አስቤበት ነበር። ግን እኒህ ሴትዮ ባንተ መታለላቸው ብቻ ይብቃቸው ብዬ ተውኩት።

ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ቢሮ ስገባ ደግሞ ሳቀብኝ። «አውቶቡስ እያለ?» አለ። «ስለቱ የአውቶቡስ አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ልጃቸው አይወስዳቸውም?» አለኝ። ካውያው ፊት ቆሜ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ስንት ነገር ይመጣልኛል መሰለህ። አንድ ሰው ሚስቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ደህና፤ ይህ ያለ ነው። እናቱን ለጣላት ሚስቱ ትቶ የሚሄደው ግን ምን ዓይነቱ ነው? ዓይንህን በጨው አጥበህ በየእሁዱ «እማዬን አቅርቢልኝ» ትላለህ፤ እኔ ስልክ አቅራቢ ነኝ! ጉልበታቸውን የማሸው እኔ፣ መድኃኒት ቤት የምሰለፈው እኔ፣ የምትናፈቀው አንተ።

እንግዲህ ስማ። እሁድ ትደውላለህ። «እማዬ፣ አልመጣም» ትላቸዋለህ። በሙሉ ቃል። ያንተ መምጣት ቀረ ማለት ስለቱም አልሰመረም፣ መንገዱም ይቀራል፤ ያኔ ቢያለቅሱም ቤታቸው ሆነው ያለቅሳሉ፤ እዚያ ወንዝ ውስጥ ከሚወድቁብኝ ይሻላል። ሌላም አለ። ከሆቴሉ ጀርባ አንዲት ክፍል አይቻለሁ፤ መስኮት አላት፣ የራሷ በር አላት። ወር ሲገባ እገባባታለሁ። እስካሁን ለእሳቸው አልነገርኩም። እህትህን ትልክ እንደሆነ፣ ራስህ ትመጣ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እናትህ ናቸው፤ እኔ ምናቸው ነኝ? እኔም ሰው ነኝ እኮ! በቃኝ።

ያው ሐሙስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ደብዳቤውን አጥፌው ነበር፤ እንደገና ከፈትኩት።

እናትህ ከታንከሩ መልስ እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው ነበር። «ለማነው የምትጽፊው?» አሉኝ።

«ለልጅዎ።»

«ተናደሻል። ወረቀቱን እየወጋሽው ነው።»

ይኸኔ አላስቻለኝም። እስክሪብቶውን ጣልኩና «እማማ፣ አይመጣም!» አልኳቸው። «መጣሁ ያለው ስልኩን ሊዘጋ ብሎ ነው። ሰው ጠርቶት ነው። በዚህ ጉልበትዎ ላልመጣ ሰው ገደል አይግቡብኝ!»

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ አፉን ያስፈታሁት እኔ አይደለሁም? ‹መጣሁ› ማለት ምን እንደሆነ አሁን አንቺ ለኔ ልትነግሪኝ?»

«ታዲያ ስለቱ?»

«ስለቱ መቼ የሱ ሆነ? እሱ የወጣ ዕለት አንቺ ልብስሽን አጣጥፈሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ስትደረድሪ በበሩ ስንጥቅ አየሁሽ። ‹ይቺን ልጅ አታስወጣብኝ እንጂ በኋላው መንገድ በእግሬ እመጣለሁ› ብዬ ተሳልኩ። በማግስቱ ሥራ ውለሽ ወደ ቤት ተመለስሽ። ስለቴ የሰመረው ያኔ ነው።»

እኔም «እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠዎት ታዲያ?» አልኳቸው። ድምፄ ቁጣ ቁጣ እንዳለው ነበር።

እግራቸውን ከውኃው አውጥተው በፎጣው ቀስ ብለው አደረቁ። «ሰነፍኩ» አሉ። «ስለቱን ካደረስኩ የምትሄጂብኝ እየመሰለኝ ሰነፍኩ። ስለት ያላደረሰ ሰው ዕዳ እንዳለበት ነው፤ እኔ ደግሞ ዕዳዬን አንቺ ላይ ጭኜ አስሬ ያስቀመጥኩሽ ሆኖ ተሰማኝ። ባለፈው ከሆቴሉ ጀርባ ያለችዋን ክፍል የምታከራየው ሴትዮ ስለ ጠባይሽ ልትጠይቀኝ መጣች።»

«ምን አሏት?»

«ወርቅ ናት፣ ባትጮሂባት ነው የሚሻለው አልኳት። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው ወይ ብዬም ጠየቅኳት፤ ጠዋት ፀሐይ ስለምትወጂ። ስለዚህ እሱ መጣሁ ሲል ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ፤ እልል አልኩ። ያለዚያ ለሰው ሁሉ ስለቴን ምን ብዬ እነግራለሁ? አሁን ሄደን ላድርሰውና፣ ከዚያ ደስ እንዳለሽ ሁኚ። ነፃ ነሽ፣ ልጄ።»

ይህን ብለው አረንጓዴውን ስኒከር ለነገ ከበሩ አጠገብ አስተካክለው አቆሙ።

ተናደድኩ። እስካሁን ባንተ ላይ ከተናደድኩት በላይ በእሳቸው ላይ ተናደድኩ። በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጉልበት፣ እኔን ነፃ ሊያወጡ! አልተቀየምኩም ግን። ሆዴ ባብቶ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህን የምጽፍልህ እንድታዝን ሳይሆን፣ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ቤት ምን ስንሆን እንደከረምን ስለማታውቅ ነው።

ከላይ ያዘዝኩህን ተወው። እሁድ አትደውል። ከዚያ በሚቀጥለው እሁድ ብትደውልም የሚያነሳ የለም፤ ያኔ እኛ ጥዱ ውስጥ ነን። ፍሬን ወንዙ ድረስ አብሮን ሊሄድ ቃል ገብቷል፤ ሳንቃውን እሱ ይይዛል፣ እሳቸውን እኔ እይዛለሁ። ገዳሙ ስንደርስ ስምህን ከጠሩ ይጥሩ፤ እናት ናቸው፣ አልከለክላቸውም። እኔ የምጠራው ያንተን ሳይሆን የእሳቸውን ስም ነው፤ ስለቱን ዝም ብዬ ነው የምሳለው፣ ለማንም አልናገርም፣ ከሰመረ ወደ ገዳሙ በእግሬ እንደገና የምመለስበት ስለት ነው።

አንተንም ክፉ አይንካህ፤ እንጀራህ ይስመርልህ፤ ልብህን ይመልስልህ፤ ወደ ማን እንደሚመልሰው ግን እሱ ያውቃል።

የእናትህ ልጅ