የጠሀ ዓይኖች

መሳለሚያ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእህቴ ለሀፍሷ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጅዳ እንዴት ይዞሻል? ሙቀቱስ በረድ አለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅሽ ሉብና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ሽማግሌ ትመስላለች፤ «እማዬ ሳታየኝ እንዳይበቅሉ» እያለች ዱዓ ታደርጋለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ኢርፋን ለትዳር የጠየቀሽ መሆኑን፣ አንቺም «ጠሀ ይመጣል ወይስ አይመጣም? አንድ ቃል ንገረኝና ልረፍ» ማለትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ ወንድሜ ጠሀ በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ከዘመተ ጀምሮ እኔም ያንኑ ቃል ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የዱባይ ተራን ሱቆች ታፔላ እጽፋለሁ፤ በተረፈኝ ላሜራና ቀለም ደግሞ የተበተነውን ጦር ወታደሮች እሥላለሁ። ጎረቤቶቼ «ሙናዊር፣ የደርግን ጦር እንደገና ልታሰልፍ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ዛሬ የጨርቅ ጣቃ ተሸክሞ «ዞር በል» የሚባለውን ወታደር እናቱ መርቃ ነበር ወደ ጦርነት የላከችው። አንድ ሰው እንኳ ፊቱን አተኩሮ ይየው ብዬ ነው።

ሁሉንም እንደ ምኞታቸው ነው የምሥላቸው። አንድ እግሩን ያጣው ፈለቀ «ምጽዋ ባሕር ዳር አቁመኝ» አለኝ፤ ሁለቱንም እግሮቹን ውሃው ውስጥ ነከርኩለት። ሥዕሉን አይቶ ሲወጣ የሱሪውን ጫፍ አራገፈ። እኔም የረጠበ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

ዓይን ግን የምሥለው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየውን ፊቴ አስቀምጬ ማዕረጉንና ሙሉ ስሙን እጠራለሁ፤ «አቤት» ሲል ያን ጊዜ ዓይኑን እሥላለሁ። አንቺ ሳትሄጂ የጀመርኩት የጠሀ ሥዕል ዓይን አልባ ሆኖ ግድግዳው ላይ የቆየው ለዚህ ነው። ክረምቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ በሥራ መሃል ሸለብ ያደርገኝና ሥዕሎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እሱ ብቻ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ዝም ይላል። ስነቃ ዝናቡ አባርቶ ይቆየኛል።

ባለፈው ሰኞ አሥር አለቃ ገብረ ማርያም የሚባሉ፣ አማኑኤል አካባቢ በዘበኝነት የሚሠሩ ሰው ሊሣሉ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው የጠሀን ሥዕል አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የዚህ ልጅ ዓይኑ የት አለ?» አሉኝ።

«መጥቶ ስሙን ስጠራው ነው የምሥልለት፣ ጋሼ።»

«በኛ ሻምበል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ ጦር ሜዳ ለቀረው ጓድ አቤት የሚለው መጨረሻ ላይ አጠገቡ የነበረው ነው» አሉ። «በል ጥራው።»

ብሩሼን አስቀምጬ ጠራሁ። «ወታደር ጠሀ ሸምሱ።»

ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «አቤት» አሉ።

ከዚያ ሁለታችንም ተቀምጠን አለቀስን። የነገሩኝን ሁሉ ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ስምሽን ከአፉ እንዳልለየ ግን አሁኑኑ እወቂው።

የዓይኑ መልክ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ብጨነቅ ብጠበብ አልመጣልኝ አለ። ሉብና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳትና የአባቷን ዓይን ከሷ ወሰድኩ።

«አቤት ልበል?» አለችኝ።

«ተብሏል፣ የኔ እናት» አልኳት።

ለኢርፋን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አላህ ትዳራችሁን በረካ ያድርገው። ሠርጉ እዚህ ከሆነ የድንኳኑን ጌጥ እኔ ነኝ የምሥለው፤ ሌላ ሠዓሊ ብታመጪ እንጣላለን።

የጠሀን ሥዕል ከሥራ ቤቱ አንስቼ ሉብና የምትተኛበት ክፍል ሰቅዬዋለሁ። አሁን በሩን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ወንድምሽ
ሙናዊር ሸምሱ