በአንድ ወር ከእጥፍ በላይ ስላደጉት ልጆች

ለ«ሙሉ ጉንጭ» የሕፃናት አመጋገብ ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ክብደትዎም በየትኛውም መለኪያ ቢለካ የማይጓደል እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሸርቆሌ መንገድ ባለች ቀበሌ ፊዚክስ የማስተምር ጣሂራ ሙርሳል ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በእጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ መንገድ ስለጠፋባቸው ነው።

1ኛ. በግንቦት ወር ለለጋሽ እንግዶችዎ ባነበቡት ሪፖርት የቀበሌያችን ሕፃናት ክብደት በአንድ ወር ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ ሰምቼ እንደ ዜጋ ተደሰትኩ፣ እንደ ፊዚክስ መምህርት ግን ጠረጠርኩ። ጎረቤቴ ዐርዋ የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት፣ ኢቲዳል ትባላለች። በሚያዝያ ስምንት ኪሎ ስለነበረች አልሚ ምግብ ይሰጣት ነበር። በግንቦት ካርዷ ላይ «17.2፣ ድናለች» ተብሎ ተጻፈና ከዝርዝሩ ተሰረዘች። እናትየው ካርዱን ይዛ መጥታ፣ «መምህርት፣ ልጄ እየቀለለች ነው፣ ወረቀቱ እየከበደ ነው። የትኛው ነው የሚዋሸው?» አለችኝ። ሕፃኗን ሳቅፋት የጎድን አጥንቶቿ በቀሚሷ ላይ ይቆጠሩ ነበር።

2ኛ. በሰኔው የምዘና ቀን አሥር ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሜ ሄድኩ። መዛኙ አቶ ዲሳሳ «ማሽኑ ከእኛ በላይ ያውቃል» ቢሉኝም ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አሥር ሊትር ውኃ አሥር ኪሎ ነው፣ ጀሪካኑም ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። የእርስዎ ሚዛን ግን 23.1 አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከቁጥሩ ጎን ያሉት ትንንሽ ፊደላት የኪሎ ሳይሆኑ የፓውንድ ናቸው። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ መሆኑን ተማሪዎቼ ያውቃሉ። 17.2ን ለ2.2 ሲያካፍሉት 7.8 ይሆናል። ይህ ማለት ኢቲዳል በእጥፍ አደገች በተባለበት ወር ሁለት መቶ ግራም ቀንሳለች።

3ኛ. ሰው ይሳሳታልና እዚህ ላይ ስለ ጥርጣሬዬ ይቅርታ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ሚዛኑን ስገለብጠው ግን መለኪያውን ከፓውንድ ወደ ኪሎ የምትመልሰው ቁልፍ በፕላስተር ተለጥፋለች። አቶ ዲሳሳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እኔ አልለጠፍኩም፤ እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ከአሶሳው ቢሮ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ስህተት ፕላስተር ሲለጥፍ አይቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ከዐርዋ ጋር ሕፃኗን ይዘን በሚኒባስ አሶሳ ሆስፒታል ገባን። 7.1 ኪሎ ነበረች። ሐኪሙ ተቆጥቶ «እስከ አሁን የት ነበራችሁ?» ሲል ዐርዋ ካርድዎን ዘረጋችለት። «ድናለች» የሚለውን አነበበና ካርዱን በግንባሩ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች። አላህ ይመስገን፣ ዛሬ 8.4 ኪሎ ሆና ዶሮዎቼን ታባርራለች።

4ኛ. ከዚያ ወዲህ የአርባ ሦስት ልጆችን ካርድ ለ2.2 አካፍያለሁ። አሥራ ሰባቱ እንደ ኢቲዳል ሳይድኑ «ድነዋል»። ስማቸውን ከማመልከቻዎቼ ጋር ባስገባም ጸሐፊዎ «ጉዳዩ ከሙያዎ ውጪ ነው» ብለውኛል። ማካፈል ከሙያዬ ውጪ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። አሁን የምለምንዎ ልጆቹ ወደ ዝርዝሩ እንዲመለሱና ፕላስተሩን የለጠፈው እጅ የማን እንደሆነ እንዲነገረን ብቻ ነው።

ለሪፖርትዎ ውበት ባርኔጣ የማነሣ፣ ለቁጥሮቹ ግን እጅ የማልነሣ፣
ጣሂራ ሙርሳል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ማክሰኞ አሥራ ሰባቱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቢሮዎ ይመጣሉ። አዳራሽ ይጠብባል ብለው አይጨነቁ፤ ልጆቹ ብዙ ቦታ አይዙም።